መጠጡ ሲቀር የቀረው

ከሱስ መላቀቅ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ትንሣኤ ነው፤ ሰውየው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ የጠፋውን ሁሉ መልሶ ያገኛል፣ አንባቢውም ተጽናንቶ መጽሐፉን ይዘጋል። ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም ሱስ የሚያፈርሳቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ መንገድ አይጠገኑም። አካል ጊዜ ከተሰጠው ከጉዳቱ ብዙውን ሊያሽር ይችላል፤ ሙያም ችሎታው እስካልጠፋ ድረስ ለተመለሰ ሰው በሩን ይከፍታል፤ አባት ሳይኖር ያለፈ የልጅነት ዘመን ግን ካለፈ በኋላ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ይህን ልዩነት ከሰር አንቶኒ ሆፕኪንስ ሕይወት አጉልቶ የሚያሳይ የተዋናይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፤ እኒህ ዌልሳዊ በኖቬምበር 2025፣ በሰማኒያ ሰባት ዓመታቸው፣ መጠጥ ካቆሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ለኅትመት አብቅተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብረት ከተማ ልጆች

ሆፕኪንስ ዲሴምበር 31 ቀን 1937 የተወለዱባት ማርጋም፣ በደቡብ ዌልስ የምትገኘው የፖርት ታልቦት ከተማ አካል ናት። ደቡብ ዌልስ ለብዙ ትውልዶች በድንጋይ ከሰልና በብረት ሥራ የኖረ አካባቢ ሲሆን፣ የፖርት ታልቦት የመጨረሻው የብረት ማቅለጫ ምድጃ የጠፋው ገና በሴፕቴምበር 2024 ነው። የሆፕኪንስ አባት ከብረቱ ምድጃ ፊት ባይቆሙም የዳቦ ምድጃ አላጡም፤ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ልጃቸው በኋላ ደጋግመው እንደገለጹት፣ በዚያ ዓለም የሰው ዋጋ የሚለካው በላቡ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሆዱ ውስጥ ያለውን አውጥቶ መናገሩም እንደ ድክመት ይታይ ነበር።

በትምህርት ቤት ሆፕኪንስ ደካማና ብቸኛ ተማሪ ነበሩ፤ እኩዮቻቸው በጭንቅላታቸው መጠን ይቀልዱባቸው ነበር፣ መምህራኑም ብዙ ተስፋ አልጣሉባቸውም። ለእኒህ ልጅ ፒያኖ፣ ሥዕልና ብቻን መሆን መሸሸጊያ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን የመድረክ አጋጣሚ ያገኙት በከተማቸው ወወክማ፣ ማለትም በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ በሚሠራ የትያትር ቡድን ነበር። ከዚያም በካርዲፍ የሙዚቃና የድራማ ኮሌጅ፣ ከብሔራዊ ውትድርና በኋላም በለንደን ራዳ ተብሎ በሚታወቀው ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ተምረው በ1963 ተመረቁ።

ከፖርት ታልቦት ወደ ዓለም መድረክ የወጡት የመጀመሪያው ሰው ግን እሳቸው አልነበሩም። በ1925 በአቅራቢያው በፖንትረዲቨን መንደር ከአንድ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የተወለዱት ሪቻርድ በርተን፣ እናታቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በመሞታቸው በፖርት ታልቦት በታላቅ እኅታቸው እጅ አድገው፣ ሆፕኪንስ ጎረምሳ በነበሩበት ጊዜ የፊልም ኮከብ ሆነው ነበር። በርተን ዘመድ ሊጠይቁ በመጡበት ወቅት የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ቤታቸው ድረስ ሄደው በወረቀት ላይ ፊርማቸውን ተቀበሉ፤ ከዚህ አውራጃ ወጥቶ ሌላ ሰው መሆን እንደሚቻልም ያን ቀን በዓይናቸው አዩ። ፊርማው ያመለከተው መንገድ ግን መድረኩንና መጠጡን አንድ ላይ የያዘ ነበር።

መድረኩና ጠርሙሱ

በ1965 ታላቁ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር ሆፕኪንስን ወደ ብሪታንያ ብሔራዊ ትያትር ጠሯቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦሊቪየር ራሳቸው የሚተውኑበት «የሞት ጭፈራ» የተባለው የስትሪንድበርግ ተውኔት በሚታይበት ወቅት ሲታመሙ፣ ተጠባባቂ ተዋናይ የነበሩት ሆፕኪንስ ተተክተው ገቡ። ተጠባባቂ ተዋናይ የሚባለው የዋናውን ተዋናይ ቃለ ተውኔት በሙሉ አጥንቶ ምናልባት ፈጽሞ ላይጠራ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሆፕኪንስ ግን ተጠሩ፣ ተሳካላቸውም፣ ኦሊቪየርም በኋላ በጽሑፋቸው አደነቋቸው። በ1968 ከካትሪን ሄፕበርንና ከፒተር ኦቱል ጋር «አንበሳው በክረምት» በተባለው ፊልም የልበ አንበሳውን ሪቻርድ ሚና ተጫወቱ።

በዚያው በ1968 ከመጀመሪያ ሚስታቸው ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይተው ከቤቱ ወጡ፤ ጋብቻውም በ1972 በፍቺ ተጠናቀቀ። በ1973 «ማክቤዝ»ን በብሔራዊ ትያትር በመተወን ላይ ሳሉ ሥራውን አቋርጠው ሄዱ። ቤትም መድረክም የተለቀቁት በተመሳሳይ አኳኋን፣ በድንገት፣ በቁጣና በመጠጥ መካከል ነበር።

በዚያ ዘመን የብሪታንያና የአየርላንድ ተዋንያን መጠጥን የሚያዩት እንደ ሙያው ማዕረግ እንጂ እንደ በሽታ አልነበረም። በርተን፣ ኦቱል፣ ሪቻርድ ሃሪስና ኦሊቨር ሪድ ስንት ጠርሙስ እንደጨረሱና የትኛውን ሆቴል እንዳተራመሱ ጋዜጦች እንደ ጀግና ገድል ይዘግቡ ነበር፤ በልምምድ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ እጅ የነበልባል ተሰጥኦ ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ለዝምተኛና ለዓይን አፋር ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች እውነተኛ ውለታ የዋሉ ይመስላሉ፤ ምላስ ይፈታል፣ ፍርሃት ይርቃል፣ ከሰው መካከል መቀመጥም ይቀላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚያሳስቀው ነገር ግን በአንጎል ውስጥ የራሱ አሠራር አለው። አልኮል ነርቮችን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፣ የሚያነቃቃውን የግሉታሜትን ሥራ ያዳክማል፣ ደስ የሚያሰኝን ነገር ደግመን እንድንሻ የሚያደርገውን ዶፓሚንን ደግሞ ከፍ ያደርጋል። መጠጡ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይጎትታል፤ በዚህም የተነሣ ትናንት በሁለት ብርጭቆ ይገኝ የነበረው እፎይታ ዛሬ አምስት ይጠይቃል፤ ይህ መላመድ ይባላል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ያረጋጋ የነበረው ኃይል ተነሥቶ የሚያነቃቃው ብቻውን ስለሚቀር፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ በከባድ ጠጪዎችም ላይ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መናድና ሕይወትን የሚያሰጋ ቅዠት ሊከተል ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በአንድ ጊዜ ማቆም የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጠፉት ሰዓቶች

በኦክቶበር 1974 ሆፕኪንስ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ «ኢኩዌስ» በተባለው የፒተር ሻፈር ተውኔት የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ዶክተር ዳይሳርትን ሆነው ቀረቡ። የታመመን ልጅ አእምሮ ለመፈወስ የሚታገለውን ሐኪም በየምሽቱ የሚጫወቱት ሰው ራሳቸው ሐኪም የሚያሻቸው ነበሩ። ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ፤ በዚያም መጠጡ ቀጠለ።

ውሳኔው የተወለደው ከአንድ የመኪና ጉዞ ነው። ሆፕኪንስ ራሳቸው እንደተረኩት፣ በዲሴምበር 1975 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ሰክረው መኪና ሲያሽከረክሩ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር፤ ወደ ልቦናቸው ሲመለሱ ሰው ሊገድሉ ይችሉ እንደነበር ተገነዘቡ። ይህ ሁኔታ በሕክምና ቋንቋ በስካር ጊዜ የሚደርስ የትዝታ መቋረጥ ሲሆን፣ ራስን ስቶ ከመውደቅ የተለየ ነው። በደም ውስጥ ያለው አልኮል በፍጥነት ሲያሻቅብ፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የዕለቱን ገጠመኝ ወደ ዘላቂ ትዝታ የሚለውጠው የአንጎል ክፍል መመዝገቡን ያቆማል፤ ሰውየው ይራመዳል፣ ይናገራል፣ መሪ ይጨብጣል፣ ነገር ግን በማግሥቱ ሊያስታውሰው የሚችል ምንም ነገር አይጻፍም። የጠፋው ትዝታ ተደብቆ የተቀመጠ ስላልሆነ ቆይቶ ቢፈለግም አይገኝም።

ይህ ለማንኛውም ሰው አስፈሪ ነው፤ ለሆፕኪንስ ግን የሙያቸውን ሥር የሚነቅል ነበር። የእሳቸው የትወና ዘዴ የተመሠረተው በማስታወስ ላይ ነውና። አንድን ቃለ ፊልም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሁለት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ስንተኛ ጊዜ እንዳነበቡት ለማወቅም በወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ቃሉ ከደም ጋር ተዋሕዶ ሳይታሰብበት እስኪወጣ ድረስ ንባቡ አይቆምም።

ዲሴምበር 29 ቀን 1975 በቤቨርሊ ሂልስ በአንድ ግብዣ ላይ ለቀድሞ ወኪላቸው እርዳታ እንደሚሹ ነገሩ። ሰዓታቸውን ሲያዩ ልክ አምስት ሰዓት ነበር። ከዚያ የሆነውን ሲገልጹ፣ ከውስጣቸው አንድ ድምፅ ወይም ብርቱ ሐሳብ ነገሩ ሁሉ እንዳበቃና ከእንግዲህ መኖር እንደሚችሉ፣ ካለፈውም አንዲቱን ቅጽበት እንኳ እንዳይረሱ ነገራቸው ይላሉ። የመጠጥ አምሮቱም በዚያው ተወሰደላቸው። በዚህ ትረካ ውስጥ ተአምራዊ ሆኖ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ የአምሮቱ መጥፋት ነው፤ ይሁንና ከባዱ የድምፁ ሁለተኛ ክፍል ይመስላል፤ ሲጠጡ ትዝታ የጠፋባቸው ሰው መጠጡን ያቆሙት እንዳይረሱ ታዘው ነውና።

እንዲህ ያለ ቅጽበታዊ ፈውስ እንደ ደንብ ሊወሰድ አይገባም። ለአብዛኛው ሰው አምሮቱ ለወራትና ለዓመታት ይመላለሳል፤ ማገርሸት፣ ማለትም ካቆሙ በኋላ ተመልሶ መጀመር፣ የሕመሙ የተለመደ ጠባይ እንጂ የባሕርይ ብልሹነት ማስረጃ አይደለም።

ማኅበሩና ዘጠነኛው ደረጃ

ሆፕኪንስ እርዳታ ያገኙበትና ለዓመታት በግልጽ የመሰከሩለት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ነው፤ ትርጉሙም ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች እንደ ማለት ነው። በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የተባሉ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባሉ ሐኪም ያቋቋሙት ሲሆን፣ መነሻው አንድን ጠጪ ከማንም በላይ የሚረዳው ሌላ ጠጪ ነው የሚል ቀላል ሐሳብ ነው። ክፍያ የለም፣ አለቃ የለም፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ታሪኩን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ለዛሬ ብቻ አለመጠጣት ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2020 ያወጣው፣ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ፣ ወደ ማኅበሩ የሚመራው በአግባቡ የተቀረጸ ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመታቀብ ረገድ ከሌሎች የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ደምድሟል።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው በመጠጥ ፊት አቅም ማጣትን ማመን ሲሆን፣ ስምንተኛው የበደሉትን ሰው ሁሉ በስም መዘርዘር፣ ዘጠነኛው ደግሞ የሚቻለውን ሁሉ በቀጥታ መካስ ነው። በዘጠነኛው ደረጃ ላይ ግን አንድ ገደብ ተቀምጧል፤ ካሣው የተበደለውን ሰው ወይም ሌላን የሚጎዳ ከሆነ ይቅር ይላል። ይህች ገደብ የማኅበሩን ጥልቅ የሰው ዕውቀት ታሳያለች፤ ንስሐ የገባ ሰው እፎይ ለማለት ሲል የሌላውን ቁስል የመቀስቀስ መብት እንደሌለው ትናገራለችና። በ1951 የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ዊልሰን ከሌሎች ጋር አል-አኖን የተባለውን የጠጪ ቤተ ሰቦች ማኅበር ያቋቋሙትም፣ ጠጪው ሲድን ቤተ ሰቡ አብሮ ድኗል የሚለው ግምት ትክክል አለመሆኑን በቤታቸው ስላዩት ነው።

መድረኩ የመለሰው

ሙያው ለሆፕኪንስ ወለዱን ጨምሮ ከፈላቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጥለውት ወደ ሄዱት ብሔራዊ ትያትር ተመልሰው «ፕራቭዳ»ን፣ «ኪንግ ሊር»ንና ከጁዲ ዴንች ጋር «አንቶኒና ክሊዮፓትራ»ን ተጫወቱ። በ1991 ደግሞ «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ»፣ ማለትም የበጎቹ ዝምታ፣ በተባለው ፊልም ሐኒባል ሌክተርን ሆነው ቀረቡ።

ሌክተር ሰው የሚበላ ነፍሰ ገዳይና የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ወጣቷ የምርመራ ሠልጣኝ በእስር ቤቱ መተላለፊያ ስትመጣ በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት እስረኞች ይጮኻሉ፣ ይንጠራራሉ፤ በመጨረሻው ክፍል ግን በመስተዋቱ ጀርባ አንድ ሰው እጆቹን በጎኑ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀድሞ የሚያውቃት ይመስል ቆሞ ይጠብቃታል። ዳይሬክተሩ ጆናታን ደሚ ሌክተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ምን እያደረገ ቢሆን ይሻላል ብለው ሲጠይቁ፣ ቆሞ ይጠብቅ ያሉት ሆፕኪንስ ነበሩ። ፍርሃቱ የሚመነጨው ምንም ካለመንቀሳቀሱ ነው። ይህ እርጋታ በ1973 ተቆጥቶ ከትያትር ቤት ከወጣው ጠጪ ሊገኝ የሚችል አልነበረም። ሌክተር በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ቢሆንም፣ ሆፕኪንስ በ1992 በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኦስካር አገኙ፤ በማግሥቱ ዓመት የንግሥቲቱ የፈረሰኛነት ማዕረግ፣ ማለትም «ሰር» የሚለው መጠሪያ ተሰጣቸው።

ፊርማቸውን የሰጧቸው ሰው ግን በዚህ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። በ1976 መጀመሪያ፣ ሆፕኪንስ መጠጥ ካቆሙ ብዙም ሳይቆይ፣ በብሮድዌይ በ«ኢኩዌስ» ተውኔት የዶክተር ዳይሳርትን ሚና የተረከቡት በርተን ነበሩ። አንድ ከተማ፣ አንድ ሚና፣ አንድ ዓይነት ጥማት ነበራቸው፤ በርተንም ለመጠጡ ሕክምና ተኝተው፣ ለጊዜው አቁመው፣ እንደገና ጀምረው ያውቃሉ። ሰባት ጊዜ ለኦስካር ታጭተው አንዴም ሳይሸለሙ በኦገስት 1984 በስዊዘርላንድ በአንጎል ደም መፍሰስ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ከሁለቱ ማን ጽኑ ነበር ብሎ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ የአንዱ አምሮት በአንድ ሰዓት ተነሥቶለታል፣ የሌላው አልተነሣለትም።

ያልተመለሰው

በ2020 በወጣው «ዘ ፋዘር» (አባት) በተባለው የፍሎሪያን ዜለር ፊልም ሆፕኪንስ የመርሳት ሕመም ያደረበትን አዛውንት ተጫወቱ። ዜለር የገጸ ባሕርዩን ስም አንቶኒ ብለው ሰየሙት፤ ሐኪም የተወለደበትን ቀን ስትጠይቀውም የሚመልሰው ዲሴምበር 31 ቀን 1937፣ ማለትም የተዋናዩን የራሱን የልደት ቀን ነው። ኦሊቪያ ኮልማን የምትጫወታት ልጁ እየተንከባከበችው እሱ ፊቷን እንኳ ያጣዋል፤ በመጨረሻው ትዕይንት በአረጋውያን መጦሪያ ክፍል፣ በነርሷ ደረት ላይ ተደፍቶ፣ እናቱን እየጠራ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ለዚህ ሚና በኤፕሪል 2021 በሰማኒያ ሦስት ዓመታቸው ሁለተኛውን ኦስካር ሲያገኙ፣ በመሪ ተዋናይነት ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኑ። ሽልማቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲታወጅ እሳቸው ዌልስ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ በማግሥቱም ከትውልድ አገራቸው መስክ ባስተላለፉት አጭር መልእክት፣ በዚያው ዘርፍ ታጭቶ የነበረውንና ከሽልማቱ በፊት በነበረው ዓመት የሞተውን ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማንን አስበው አመሰገኑ።

ሴት ልጅን ስለ ማጣት የሚናገሩ ሚናዎች በሆፕኪንስ ሥራ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ፤ የምትወደውን ልጁን አባርሮ ሞታ የሚያቅፋትን ንጉሥ ሊርን በ1986 በመድረክ፣ በ2018 ደግሞ በቴሌቪዥን ፊልም ተጫውተዋል። ከዚህ ተነሥቶ የተዋናዩ ዕንባ ለራሱ ልጅ የፈሰሰ ነው ብሎ መደምደም ለሥነ ጥበቡም ለሰዎቹም ፍትሕ አይሆንም። በእርግጠኝነት ሊባል የሚችለው እሳቸው የተናገሩት ብቻ ነው፤ ያችን ሕፃን ጥለው መውጣታቸውን የሕይወታቸው ትልቁ ጸጸት አድርገው ይቆጥሩታል፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ልጅ አልወለዱም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከልጃቸው ጋር ተቀራርበው እሷም ከእሳቸው ጋር በሁለት ፊልሞች በትንንሽ ሚናዎች ታይታ ነበር፤ ነገር ግን ግንኙነቱ ዳግመኛ ተቋረጠ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለዚህ ነው በሱስ ላይ የተገኘ ድልን በአንድ መዝገብ መጻፍ የማይቻለው። መጠጥ ማቆም አዲስ ዕዳ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የድሮውን ዕዳ ግን አይከፍልም፣ የመክፈያው ቀንም በባለ ዕዳው አይወሰንም። ልጅ አባቷ ስለዳነ ብቻ ይቅር የማለት ግዴታ የለባትም፤ አንባቢም ከእሷ በኩል ታሪኩን የመጠየቅ መብት የለውም።

የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ደህና ተወጣነው፣ አንተ ልጅ» ይላል። ቃሉ የተነገረው ለአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው፤ በፖርት ታልቦት አቅራቢያ በባሕር ዳርቻ፣ ዳቦ ጋጋሪው አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ሆኖ የተነሣው። ሽማግሌው ያንን ሕፃን እየተመለከቱ ነው «ተወጣነው» የሚሉት፤ ቃሉም የሚያካትተው ሁለት ሰዎችን፣ ልጁንና ሽማግሌውን ነው፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ሆፕኪንስ በየዓመቱ ዲሴምበር 29 ሲደርስ ያለ መጠጥ ያለፉትን ዓመታት ቆጥረው፣ በመጠጥ ለተያዙ ሰዎች የተስፋ ቃል ሲያስተላልፉ ቆይተዋል። ያ ቁጥር በየዓመቱ በአንድ ይጨምራል፤ ከልጃቸው ርቀው ያለፉት የሕፃንነቷ ዓመታት ቁጥር ግን ከተዘጋ ቆይቷል፣ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።